ቀዩ መብራት እስኪጠፋ

ኅዳር 4 ቀን

ለውድ አክስቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ሰላምታዬ ከእማዬ ጀምሮ ግቢ ውስጥ እስከቆመችው አሮጊት ሚኒባስሽ ድረስ ለሁሉም ይድረስልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ይህን ደብዳቤ ስታነቢላት ደግሞ ቀስ በይ፤ አንቺ ስትነጂም ስታነቢም ያው ነሽ።

ሥራዬ ደህና ነው። ጋራዡ ሰፊ ነው፤ አውቶቡሱን ከነቁመናው ወደ ላይ ያነሱታል። ከመኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ያደግኩት ሰውዬ እዚህ ቆሜ እሠራለሁ፤ አሁን የሚያመኝ አንገቴ ነው። አለቃችን ዝምተኛ ሰው ነው። ሲቆጣ ቃል አይወጣውም። የተበላሸውን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ሁላችንንም ጠርቶ ያሳየናል። ሰሞኑን አንድ ነገር አሳይቶን ነበር፤ ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ።

ለመሆኑ መኪናሽ እንዴት ናት? ቁልፉን ስታዞሪ የሚበራው ቀዩ የዘይት መብራት ስንት ቆይቶ ይጠፋል? በጣትሽ ቁጠሪና ጻፊልኝ። ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት። የእጄ ሥራ ስለሆነ ነገሩ አልቆርጥልኝ ብሎ ነው።

እማዬ ያለችው የጉልበት ማሞቂያ ተገዝቷል፤ ሰው ሳገኝ እልከዋለሁ።

ልጅሽ ጥብቁ

ኅዳር 30 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለጥብቁ፣

የረገጥከው ይለምልምልህ፣ የያዝከው ይባረክልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤህን እናትህ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። “ቀስ በይ” የምትለዋ ላይ ስደርስ ሦስቱንም ጊዜ ሳቀችብኝ። ሁለታችሁ እንዲህ ባሕር ተሻግራችሁ ታድሙብኝ?

ስለ መኪናዋ አታስብ። በመሄጃህ ዋዜማ የሠራህልኝ ሥራ እኮ አገር ጉድ ያሰኛል። ያ ዓመት ሙሉ ግቢውን ያቆሸሸው ዘይት ከሄድክ ወዲህ አንዲት ጠብታ አልወረደም። ድንጋዩ ላይ የነበረው ጥቁር እንኳ ደርቆ ተላጠ። ለተሳፋሪው ሁሉ እናገራለሁ፤ የእህቴ ልጅ ሄደ እንጂ እጁ እዚሁ ነው እላለሁ። ሹፌሮቹም ሲያላግጡብኝ “ሻለቃ፣ ያን ልጅ መልሽልን፤ የእኛም ያፈሳል” ይሉኛል። ሻለቃ ማለታቸውን አሁንም አልተዉም። እኔም አልከፋኝም፤ ከእነሱ መሀል የሚታዘዝ እንጂ የሚያዝ የለም።

እናትህ ሁልጊዜ ጠዋት ከእኔ ጎን፣ መሀለኛዋ ወንበር ላይ፣ ሞተሩ አናት ላይ ጉብ ትላለች። “ሙቀቱ ለወገቤ መድኃኒት ነው” ብላ ለማንም አትለቅም። አንድ ቀን ከሆስፒታሉ አንዲት ነርስ ቀድማት ብትቀመጥ አኩርፋ በእግሯ ልትሄድ ነበር። እሷ የምትሠራበት የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው፤ ሞቃ የምትውለው በዚያ ወንበር ነው።

ለእኔ የማንበቢያ መነጽር ላክልኝ። የእጅ ጽሑፍህ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ነው።

አክስትህ

ታኅሣሥ 22 ቀን

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ፤ ምርቃትሽ ደርሶኛል። መነጽሩንና የጉልበት ማሞቂያውን ወደዚያ በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ።

የመብራቱን ነገር ግን ሳትመልሽልኝ ቀረሽ። እባክሽን ቁጠሪልኝ። አንድ ሁለት ብለሽ ሳትጨርሺ መጥፋት አለበት። አራትና አምስት ከቆየ ደግሞ ጻፊልኝ። ዳገቱ ላይ ስትወጪስ ብልጭ ይላል? ሞተሩስ ሲሞቅ ድምፁ ይለወጣል?

ዘይት አይፈስም ማለትሽን አየሁ። ስላመሰገንሽኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለሰው ሁሉ ግን አትናገሪ፤ አፈር ስሆን፣ ይህቺን ተይልኝ።

ሌላው ነገር፣ እማዬ ከሞተሩ ላይ ተነስታ ኋላ ትቀመጥ። እዚህ አንድ ሐኪም ለሠራተኞቹ ሲናገር እንደሰማሁት፣ የሞተር ጢስ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ለወገቧ ሌላ ነገር እናገኛለን። ይህን አደራሽን አስረግጠሽ ንገሪያት።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ወዲያው መልሺልኝ። ሁለት መስመርም ይበቃኛል።

ልጅሽ ጥብቁ

ጥር 12 ቀን

ለጥብቁ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። መነጽሩ ደረሰ፤ አሁን ጉንዳኖቹ አንድ በአንድ ይታዩኛል። ማሞቂያውን እናትህ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰፈሩን ዞረችበት።

ወዲያው መልሺልኝ አልክ፤ ይኸው ሳልውል ሳላድር መለስኩ። ግን ምን ነካህ? ድሮ አንድ ነገር ከጠገንክ ዞረህ አታየውም ነበር። አሁን በደብዳቤ ሁሉ ስለ ሞተር ነው። ሴት ልጅ አገኘሁ ብለህ አትጽፍ፣ ስለምትበላው አትጽፍ፣ ስለምታድርበት ቤት አትጽፍ።

መብራቱን ከጠየቅክ፣ እውነት ለመናገር ከበዓሉ በፊት ጀምሮ ዳገቱ ላይ ብልጭ ብልጭ እያለ አስቸግሮኝ ነበር። ተሳፋሪው “ሻለቃ፣ ቀይ በራብሽ” እያለ ነፍሴን አወጣት። ዘይቷን ባይ ሙሉ ናት። ታዲያ መብራቱ ነው የታመመው ብዬ ለሬዲዮ ጠጋኙ አሳየሁት። እሱም ሽቦው ተነካክቶ ይሆናል ብሎ አምፖሏን ነቅሎ ሰጠኝ። እጓዳ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው፤ ምንም አይበራም።

እናትህን ኋላ ተቀመጪ ብላት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? “ጢስ አልሸተተኝም፤ ልጄ ሌላ ነገር ነው የሚለው” አለች። ምን ብዬ ልመልስላት? አንተ ካልነገርከኝ እኔ ከየት አመጣለሁ? ደግሞ ሰሞኑን ሞተሩ ጥርሱን ያፋጫል ትላለች። ዳገቱን ጨርሰን ባቡር ሀዲዱ ጋ ስንደርስ ቲክ ቲክ ይላል፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው፣ ከመቀመጫዬ ይሰማኛል አለችኝ። እኔ አልሰማሁም። እኔ እዚያ ጋ ስደርስ ጆሮዬ የባቡር ፊሽካ ላይ ነው። መዝጊያ የሌለው ሀዲድ መሆኑን ታውቃለህ፤ ቆም ብሎ ማዳመጥና ፈጠን ብሎ መሻገር ነው።

ያለህን ነገር አፍ አውጥተህ ጻፍልኝ። እኔ ካንተ ጋር እንቆቅልሽ የምጫወትበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም።

አክስትህ

የካቲት 3 ቀን

አክስቴ፣

ይህን ብቻሽን አንብቢው። እማዬ አጠገብሽ ካለች አጣጥፊውና ሌላ ቦታ ሂጂ።

መኪናዋን አቁሚያት። ይህን ካነበብሽ በኋላ አታስነሺያት፤ ግቢ ውስጥ እንኳ አታንቀሳቅሺያት። ትናንት ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ፖስታ ቤት ሄጄ ስልክ አስደወልኩ። የእናንተ ፖስታ ቤት ስልክ ጎርፍ መስመሩን ከቆረጠው ወዲህ አይሠራም አሉኝ። ሦስት ጊዜ አስሞከርኳቸው። ስለዚህ ያለኝ ይህ ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱም ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ሦስት ሳምንት ማለት ስንት ጠዋት እንደሆነ ቆጥሬዋለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ያን ዕለት ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ሳህን፣ ኮፓውን፣ አውርጄ በሳህኑና በሞተሩ መሀል የሚገባውን ጋስኬት ስቀይር አዲሱ ጋስኬት በራሱ ይበቃ ነበር። ሲሊኮን የሚባለው ማጣበቂያ የሚያስፈልገው በአራቱ ማዕዘን ብቻ፣ እንደ ምስር ፍሬ ጠብ ጠብ ማድረግ ነበር። እኔ ግን በላይም በታችም ዙሪያውን ቀባሁት። እማዬ ከራሴ በላይ ቆማ ነበር፤ እግሯ ይታየኛል። “ለአክስትህ ነው፤ አትሰስት” አለችኝ። እኔም አልሰሰትኩም። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ ነገ ጥያት ልሄድ ነው፣ ምን እተውላታለሁ ብዬ ቱቦውን እስኪሸበሸብ ጨመቅኩት። ከዚያ ቡሎኖቹን እንደ ስሜ አጠበቅኳቸው። ሲጠብቅ ትርፉ ሲሊኮን በሁለት በኩል ይወጣል። በውጭ በኩል የወጣውን በጨርቅ ጠረግኩት፤ አምሮ ታየሽ። ወደ ውስጥ የወጣውን ማንም አያየውም። እስኪደርቅ አንድ ቀን ማደር ነበረበት። ጠዋት መንገደኛ ስለነበርኩ አንድ ሰዓት ሳይቆይ ዘይት ሞላሁበት።

ወደ ውስጥ የወጣው ተቆርጦ ዘይቱ ውስጥ ይወድቃል። ፓምፑ ዘይት የሚስብበት ጫፍ ላይ ወንፊት አለ። እየተሳበ ሄዶ እዚያ ይለጠፋል። ዘይቱ ሳህኑ ውስጥ ሙሉ ነው፤ አንቺ ስታዪው ሙሉ ነው፤ ወደ ላይ ግን አይወጣም። መብራቱ አልታመመም ነበር፣ አክስቴ። መብራቱ እየነገረሽ ነበር። እማዬ የምትሰማው ቲክ ቲክ ብረት ብረትን ሲነካ ነው።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት በነበረው ሳምንት አለቃዬ ዘይት አጥቶ የደረቀ ሞተር ፈትቶ ጠራን። ከወንፊቱ ላይ በፒንሳ እየለቀመ ነጭ ጨርቅ ላይ ደረደረው። ቀይ ነው፣ ትል ይመስላል። እኔ የቀባሁት ቀለም ራሱ ነው። የትኛው ጅል ነው እንዲህ የሚያደርግ ብለው ጓደኞቼ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ልጽፍልሽ ይገባኝ ነበር። ምናልባት ያንቺው ደህና ይሆናል አልኩ። መብራቱን ጠይቄ መልሱ ጥሩ ከሆነ ዝም እላለሁ ብዬ አሰብኩ። አፍሬ ነው። ለሰው ሁሉ እጄን ስታሞግሺ ደግሞ ይብስ አፈርኩ። በዚያ እፍረት ሦስት ወር በላሁ።

የምፈራውን ልንገርሽ። ሞተሩ የሚደርቀው ሲሞቅ ነው፤ የሚሞቀው ደግሞ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ከዳገቱ ጫፍ ቀጥሎ ያለው ሀዲዱ ነው። ሲደርቅ ቀስ አይልም። ቀጥ ይላል፤ ጎማው አብሮ ቀጥ ይላል፤ ቢገፉትም አይሄድም። እማዬ ወገቧ እንደዚያ ሆኖ ከዚያ ወንበር ለመውረድ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅባት አንቺ ታውቂያለሽ።

ሽማግሌውን መካኒክ፣ ጌታዬን፣ ጥሪው። ኮፓውን ያውርደው። አሮጌውን ሲሊኮን ፍቆ ያጽዳው፣ ወንፊቱን ያጽዳው፣ አምፖሏን መልሱ። እንዴት እንደሚቀባ ለእሱ አልነግረውም፤ ያስተማረኝ እሱ ነው። እኔ ነኝ ያላደመጥኩት።

ለእማዬ አታንብቢላት። አትሰስት ያለችኝ እሷ መሆኗን ካስታወሰች በራሷ ላይ ትፈርዳለች።

ጥብቁ

የካቲት 20 ቀን

ለአክስቴ፣

ደብዳቤዬ እንዳልደረሰሽ አውቃለሁ፤ ቀኑ ገና ነው። ቢሆንም መጻፍ ማቆም አልቻልኩም። የእናንተን ሰዓት አስልቼ፣ መኪናዋ ዳገቱን በምትወጣበት ሰዓት ሥራዬን አቁሜ እቆማለሁ። አለቃዬ አየኝ። ቡሎን በእጄ ይዤ ነበር፤ ተቀብሎኝ ራሱ አሰረው።

ፖስታ ቤቱን በየቀኑ አስደውላለሁ። የስልክ ሠራተኛዋ ድምፄን ለይታዋለች፤ ገና ሳልናገር “አይሠራም” ትለኛለች።

እማዬ ኋላ ተቀምጣለች? ይህን ብቻ ጻፊልኝ።

ጥብቁ

መጋቢት 4 ቀን

ለአክስቴ፣

ደርሶሻል፤ መድረስ አለበት። መልስሽ ገና መንገድ ላይ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ግን መጠበቅ አቃተኝ። ተቆጥተሽ ከሆነ ተቆጪ፤ ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ። ባዶ ወረቀትም ብትልኪ ይበቃኛል፤ የእጅሽን አድራሻ ካየሁ ይበቃኛል።

ጥብቁ

መጋቢት 6 ቀን

እናትህ ደህና ናት። ይህን ከሰላምታው በፊት ጻፊው ያለችኝ እሷ ናት። አሁን ተቀምጠህ አንብብ።

የካቲት 22 ቀን ጠዋት ነው። ደብዳቤህ የደረሰኝ ከዚያ በሁለተኛው ቀን ስለሆነ እኔ ምንም አላውቅም። አሥራ አንድ ሰው ጭኛለሁ። ሁሉም ሆስፒታል ሥራ ገቢ ነው፤ ያቺ ነርስም አለችበት። እናትህ ሞተሩ ላይ ናት። እስከ ዳገቱ ወገብ ድረስ ስለ ሽንኩርት ስናወራ ነበር። ከዚያ እሷ ዝም አለች። ዞር ብዬ ሳይ ነጠላዋን ገልጣ መዳፏን ሞተሩ ክዳን ላይ አድርጋለች፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትነካ ነው የነካችው።

“አቁሚ” አለችኝ።

“ምን ሆንሽ? ሀዲዱን ልሻገርና አቆምልሻለሁ” አልኳት።

“አሁን አቁሚ” አለች።

እናትህ የልመና ድምፅ እንጂ የትእዛዝ ድምፅ እንደሌላት ታውቃለህ። ሻለቃ እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን እግሬ ሳይጠይቀኝ ፍሬን ላይ ወጣ። ከሀዲዱ ሃያ እርምጃ ላይ፣ ዳር ይዤ ቆምኩ። ድምፁን ጥቂት አዳመጥኩና ሞተሩን አጠፋሁት። ነርሷ አረፈድን ብላ አጉረመረመች፣ ከኋላ አንዱ ሻለቃና እህቷ ተጣሉ ብሎ ሳቀ። ቲክ ቲክ የሚል ነገር ስላልሰማሁ በይ እንሂድ ብዬ ቁልፉን አዞርኩ። ጭ አለና ዝም አለ። ደግሜ አዞርኩ። ጭ። ሦስተኛ አላዞርኩም፤ እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ።

ባቡሩ የመጣው ያኔ ነው። ጠመዝማዛው ጋ አልነፋም። ወይም ነፍቶ እኛ ጫጫታ ላይ ሆነን አልሰማንም ይሆናል፤ አላውቅም። የዕቃ ባቡር ነበር። ተሳፋሪው በሙሉ ተቀምጦ በመስታወቱ አየው። ፉርጎዎቹን ቆጠርኩ፣ ለምን እንደቆጠርኩ አትጠይቀኝ፤ ሃያ ስድስት ናቸው። የመጨረሻው ካለፈ በኋላ ነርሷ ማልቀስ ጀመረች። እናትህን ወንዶቹ ተሸክመው አወረዷት። እሷን ለማውረድ ብቻ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ተመልክቻለሁ፤ ያንን ላንተ አልጽፍም።

እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጠን ሳለ “እንዴት አወቅሽ?” አልኳት።

“ልጄ በጻፈ ቁጥር ስለ እኔ አንዴ ጠይቆ ስለ ሞተሩ ሦስቴ ይጠይቃል” አለችኝ። “የልጄን ፍርሃት አላውቀውም? ምን እንደፈራ አልነገረኝም፤ ስለዚህ ሁሉንም ሳዳምጥ ከረምኩ።”

በሁለተኛው ቀን ደብዳቤህ መጣ። ብቻሽን አንብቢው ብለሃል። ፖስታውን የተቀበለችው ግን እሷ ናት። በእጇ መዘነችውና “ይሄኛው ወፍራም ነው፤ ሳትዘዪ አንብቢው” አለችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብዬ አነበብኩ። ምንም አልዘለልኩም። አትሰስት የምትለዋም ጋ ስደርስ አልዘለልኩም፤ ይቅር በለኝ። ከዚያ “እውነቱን ነው፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ጻፊለት፤ ግማሹ የእኔ ነው በይው” አለች። ሌላውን ግማሽ እኔ ወስጃለሁ። አምፖሏን እጓዳ የቆለፍኳት እኔ ነኝ። ላንተ የተረፈህ ዝምታህ ብቻ ነው፤ እሱን ግን በቀላሉ አልምርህም። ሦስት ወር ሙሉ እህቴን እሳት ላይ አስቀምጠህ ስለ ጢስ ጻፍክልኝ። ሁለተኛ እንዲህ አታድርገኝ። አፍረህም ቢሆን ጻፍ፤ አልቅሰህም ቢሆን ጻፍ።

ሽማግሌው መካኒክ መጣ። ኮፓውን ከሞተሩ ለማላቀቅ መሮና መዶሻ ፈለገ፤ እንዲህ አድርገህ ነው የለጠፍከው። ወንፊቱን አሳየኝ። ቀዳዳ አይታይም፤ ሁሉም ቀይ ነው። ዘንጉ የሚዞርባቸው ብሮንዚናዎች ተበልተው እሱኑ ነክሰው ይዘውታል። አዲስ ብሮንዚና እስኪገኝ፣ ዘንጉ እስኪስተካከል ዐሥር ቀን ፈጀ። መልሱ የዘገየው በዚህ ነው። መኪናዋ ተነስታ ደህና ናት ብዬ ሳልጽፍ ምን ብዬ ልጻፍልህ? ሽማግሌው ስላንተ ያለው ይህን ብቻ ነው፤ “ልጁ ጎበዝ ነው፤ እጁ ደግ ሆነበት።”

ሲሊኮኑን ሊቀባ ቱቦውን ሲያነሳ እናትህ ወገቧን ይዛ ተነስታ ከራሱ በላይ ቆመች። እኔ ደግሞ ምን ልትል ነው ብዬ ጠጋ አልኩ። “አባቴ፣ ሰስት” አለችው። በአራቱ ማዕዘን ብቻ ጠብ ጠብ አደረገ፤ ቡሎኖቹን ከመሀል ጀምሮ በየተራ ቀስ አድርጎ አሰረ። ከዚያ ዘይት ሳይነካ አንድ ቀን ሙሉ ጠበቅን። እሷም አጠገቡ በርጩማ አስመጥታ ስትጠብቅ ዋለች።

ዛሬ ሥራ ጀመርን። እማዬ ኋላ ተቀምጣለች ወይ ብለህ ልትጠይቀኝ ነው። አልተቀመጠችም። ለመንኳት፣ ሽማግሌውም ለመናት፣ ነርሷም ቦታዋን ልትለቅላት ነበር። “እኔ ከተነሳሁ ማን ያዳምጠዋል?” አለች። እዚያው ሞተሩ ላይ ናት፤ መዳፏን ክዳኑ ላይ አድርጋ።

አምፖሏ ተመልሳለች። ቁልፉን ሳዞር ቀዩ ይበራል፤ እናትህ ጮክ ብላ መቁጠር ትጀምራለች። ዛሬ ሁለት ሳትል ጠፋ። እስኪጠፋ ድረስ ግን አሥራ አንዱም ሰው ያቺን ቀይ መብራት ነበር የሚያየው። እኔም እንደዚያው። ከዚያ ማርሽ አስገብቼ ወጣሁ።

አክስትህ